ሃምሳ ሎሚ፣ አርባ ተሸካሚ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው። ተረቱ ያላነሳው ነገር ግን አለ። ከሃምሳዎቹ አሥሩ ሎሚያቸውን ሹልክ አድርገው ጎረቤታቸው ኪስ ውስጥ ቢጨምሩ ማን ያውቃል? ሰልፉ ያምራል፣ ዘፈኑ ይደምቃል፣ መድረሻው ላይ ሲቆጠርም ሎሚው ሃምሳ ነው። አርባዎቹ ብቻ ኪሳቸው ለምን እንደከበደ ሳይገባቸው ቤታቸው ይገባሉ።

ይህ የሎሚ ጨዋታ ቁልጭ ብሎ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ከኢትዮጵያ እጅግ የራቀ ነው፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ በስድስት ሰው ታንኳ ውስጥ።

ሃዋይ ላይ ታንኳ ቀዘፋ የበዓል ማሟሻ አይደለም። ከ1986 (እ.ኤ.አ.፤ ሁሉም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ በሕግ የግዛቲቱ የቡድን ስፖርት ተብሎ ተሰይሟል። ታሂቲ ላይ ደግሞ «ቫአ» ይሉታል፤ በሌላ አገር እግር ኳስ የሚይዘውን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ታንኳው ረጅምና ጠባብ ነው። ብቻውን ቢሆን ይገለበጣል፤ ስለዚህ በግራ ጎኑ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች የተያያዘ ተንሳፋፊ አለው። ስድስት ሰዎች አንዱ ከሌላው ኋላ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ምቱን ይሰጣል፣ ሁለተኛው በሌላው ጎን ይከተለዋል፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ጉልበት ናቸው፣ ስድስተኛው ይመራል። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ምት ያህል ከተቀዘፈ በኋላ አንዱ ድምፁን ያሰማል፤ ሁሉም መቅዘፊያቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጎን ያዞራሉ። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ስድስት ሰው ሳይሆን አንድ ባለ ስድስት ክንድ ፍጡር ይመስላል።

ከ1952 ጀምሮ ከሞሎካይ ደሴት ወደ ኦዋሁ የሚደረገው «ሞሎካይ ሆኤ» የተባለው ውድድር የዚህ ስፖርት ዋና መድረክ ነው። ርቀቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚታለፈውም ካይዊ የተባለው ማዕበለኛ የባሕር መተላለፊያ ነው። አንድ ቡድን ዘጠኝ ቀዛፊ ይይዛል፤ ስድስቱ ሲቀዝፉ ሦስቱ በአጃቢ ጀልባ ይጠብቃሉ። ተራቸው ሲደርስ ባሕር ውስጥ ዘለው ይገባሉ፣ ታንኳው ሲያልፍ ጠርዙን ይዘው ይወጣሉ፣ የደከሙት በሌላው ጎን ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ታንኳው አይቆምም። በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊው ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር የገባው። ዛሬ ታንኳውም ደንቡም ተለውጦ ፈጣኖቹ ከአምስት ሰዓት ባነሰ ይጨርሳሉ።

እንግዲህ አንድ ቡድን ሦስተኛ ወጣ እንበል። ጥያቄው «ማን አልቀዘፈም?» ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሁላችንም የቻልነውን አድርገናል።»

አድርገዋል?

▪️ የማይታየው ሦስት ከመቶ

ስሌቱን አንድ ጊዜ መሥራት ይበቃል። ውሃ ላይ ፍጥነትን ለመጨመር የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በግምት በፍጥነቱ ኩብ ልክ ይንራል። ፍጥነቱን በ10 ከመቶ ለማሳደግ 33 ከመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ነገሩ ሲገለበጥም ይሠራል። ስድስት እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ታንኳ ላይ ናቸው እንበል፤ አንዱ የጉልበቱን ግማሽ ብቻ ቢሰጥ የቡድኑ ኃይል በ8 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። የታንኳው ፍጥነት ግን የሚቀንሰው ከ3 ከመቶ ባነሰ ነው።

ሦስት ከመቶ በዓይን አይታይም፤ ማዕበሉ፣ ነፋሱና ጅረቱ ከዚያ በላይ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉም። ሰውየው ምቱን አይስትም፣ መቅዘፊያው ውሃ ይነካል፣ ጀርባው ይታጠፋል፣ ፊቱ ያልበዋል። አምስቱ ባልደረቦቹ የሚያዩት የፊተኛቸውን ጀርባ ብቻ ነው። ያ የማይታይ ሦስት ከመቶ ግን በአምስት ሰዓት ጉዞ ላይ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይሆናል፤ በአሸናፊውና «በርቱ» በተባለው መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው።

በጎደለው ልክ ለመሸፈን የሚሞክሩት አምስቱ ናቸው። ትከሻቸው የሚቆስለው፣ ከውድድሩ በኋላ «ምን ነካን?» እያሉ የሚብሰለሰሉትም እነሱ ናቸው። የታንኳ ቡድን ግፍ እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ተበዳዩም በዳዩን አያውቀውም።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ቀላልና ጨካኝ ነው። እያንዳንዱን ቀዛፊ አሥር ኪሎ ገደማ በምትመዝን የአንድ ሰው ታንኳ ላይ አስቀምጦ፣ በደቂቃ ልዩነት እየለቀቁ፣ አንድ መስመር ላይ በሰዓት ማስቀዘፍ። የፊተኛ ጀርባ የለም፤ የኋለኛ ግፊትም የለም። ያለው ውሃው፣ ክንዱና ሰዓቱ ብቻ ነው።

▪️ «ኅብረታችንን ያፈርሳል»

ይህ የሰዓት ፈተና በተነሳበት ክለብ ሁሉ አንድ ዓይነት ጩኸት ይሰማል። «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ በሰዓት አይለካም።» «የቡድን ስፖርት ነው፤ የግል ሩጫ አይደለም።» «ሰውን ማሳፈር ነው።» በጎ ልብ ያላቸው ሰዎች ይህን ይላሉ፤ በጎ ልብ የሌላቸውም ከኋላቸው ተሰልፈው ያጨበጭባሉ።

የሰው ልጅ በቡድን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና ቆይቷል። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ በ1880ዎቹ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ለካ፤ ውጤቱን በ1913 አሳተመው። አንድ ሰው ብቻውን ሲጎትት የሚያወጣው ኃይል 100 ቢባል፣ ሁለት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 93፣ ሦስት ሲሆኑ ወደ 85፣ ስምንት ሲሆኑ ወደ 49 ወረደ። የስምንት ሰው ሰልፍ የአራት ሰው ሥራ ሠራ ማለት ነው።

«ስላልተቀናጁ ነው እንጂ ሰንፈው አይደለም» የሚል ይኖራል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ለዚህም ነው በ1974 ተመራማሪዎች ተንኮል ያዘሉት። ዓይኑ የታሰረን ሰው ከኋላው ሌሎች አብረውት እንደሚጎትቱ አሳመኑት፤ ከኋላው ያሉት ግን ገመዱን ይዘው ያስመስሉ ነበር። ሰውየው በእርግጥ የሚጎትተው ብቻውን ሆኖ ሳለ ጉልበቱን ቀነሰ። የሚቀናጀው ሰው በሌለበት «ቅንጅት ጎደለ» ማለት አይቻልም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የ1989ኙ የዋናተኞች ጥናት ደግሞ ለታንኳው ነገር የቅርብ ዘመድ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዋናተኞች ለብቻቸውም በዱላ ቅብብል ቡድንም ዋኙ። የእያንዳንዳቸው ሰዓት በማይነገርበት ጊዜ በቡድን ሲሆኑ ለብቻቸው ከዋኙት ዘገዩ። የእያንዳንዳቸው ሰዓት በይፋ በሚነገርበት ጊዜ ግን በቡድን ሲሆኑ ለብቻቸው ከዋኙት ፈጠኑ። ያው ሰዎች፣ ያው ውሃ፤ የተለወጠው ሰዓታቸው መነገሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ሰዓት ኅብረትን ያፈርሳል» የሚለው ወገን ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። ኅብረትን የሚበላው መደበቂያው ነው። የየአንዳንዱ ድርሻ ሲታወቅ ሰው ለጓደኛው ሲል ከራሱ አቅም በላይ ይሄዳል፤ ድርሻው ሳይታወቅ ሲቀር ግን በጓደኛው ጫንቃ ላይ ይተኛል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ሰዓት በሌለበት ቦታ መቀመጫው እንዴት ይታደላል? ታንኳው ስድስት መቀመጫ ብቻ አለው፤ አንድ ሰው መወሰኑ አይቀርም። ሰዓቱ ካልወሰነ ዓይን ይወስናል፤ ዓይን ደግሞ የሚያውቀውን ይወዳል። የአሠልጣኙ የድሮ ጓደኛ፣ በድግሱ ላይ ቀድሞ የሚገኘው፣ ሃያ ዓመት በዚያች መቀመጫ ላይ የተቀመጠውና መነሳት የማያውቀው ሰው ይመረጣል። ዘንድሮ የመጣችው፣ ሰው የማታውቀው፣ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ ብቻዋን የምትቀዝፈው ወጣት ግን አጃቢ ጀልባ ላይ ውሃ ታቀብላለች። ለምን እንደቀረች ስትጠይቅ «ከቡድኑ ጋር ገና አልተዋሃድሽም» ትባላለች። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው፤ ውህደት በምን ይለካል?

በሴቶቹ ላይ የሆነውም ይህን ያስታውሳል። ወንዶቹ ካይዊን በውድድር መሻገር የጀመሩት በ1952 ነው። የሴቶቹ ውድድር «ና ዋሂኔ ኦ ኬ ካይ» በይፋ የተጀመረው በ1979 ነው። በመካከሉ ባለው ሃያ ሰባት ዓመት «ይህ ባሕር ለሴት አይሆንም» የሚለው አስተያየት ቆይቷል። አስተያየቱን የሰበረው ክርክር አልነበረም፤ መሻገራቸው ነው። መቀመጫ ለሌለው ሰው ሰዓት ስድብ አይሆንበትም፤ ያለው ብቸኛ ጠበቃ እሱ ነው።

▪️ ታሂቲዎች ምን ያደርጋሉ?

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ሞሎካይ ሆኤን ብዙ ጊዜ አሸንፈው የሄዱት የታሂቲ ቡድኖች ናቸው። በገዛ አገራቸውም ከ1992 ጀምሮ «ሃዋይኪ ኑይ ቫአ» የተባለውን ውድድር ያካሂዳሉ። ከሁዋሂኔ ተነስቶ በራያቴያና በታሃአ አድርጎ ቦራ ቦራ የሚገባ፣ በሦስት ቀን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈጅ፣ በመንገድ ላይ ቀዛፊ የማይቀየርበት ጉዞ ነው። ቡድን ማለት ምን እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች ማስተማር አይቻልም።

ታዲያ የቡድን ንጉሦቹ ለብቻ ቀዘፋ ያላቸው ፍቅር ልዩ ነው። «ቴ አይቶ» የተባለው የአንድ ሰው ታንኳ ውድድራቸው በየዓመቱ እጅግ ብዙ ቀዛፊ የሚሰለፍበት ነው፤ «አይቶ» በቋንቋቸው ጀግና ማለት ነው። የሚቀዝፉበት ታንኳም መሪ መቅዘፊያ የለውም። በእግር እየተረገጠ የሚያቀና መሣሪያ ስለሌለው እያንዳንዱ የተበላሸ ምት ወዲያው ታንኳውን ያጣምመዋል፤ ቀዛፊው ስህተቱን በራሱ ምት ያርማል። በስድስት ሰው ታንኳ ላይ ያንን ስህተት የሚሸፍንለት የኋላው መሪ ነበር።

የታሂቲዎች ብልጫ ከዚህ ብቻ የመጣ ነው ማለት ውሸት ይሆናል። በኩባንያዎች የሚደገፉ ቡድኖች አሏቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ይቀዝፋሉ፣ ልጆቻቸው ከውሃ ዳር ያድጋሉ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በማስረጃ ወድቋል፤ «ለብቻ መቀዘፍ የቡድን መንፈስን ይገድላል» የሚለው። በዓለም ላይ ለብቻ መቀዘፍን እጅግ የሚያከብረው ሕዝብ በዓለም ላይ እጅግ የተዋሃዱ ታንኳዎች ያሉት ሕዝብ ነው።

▪️ የሰዓት አምላኪዎችም አይደሰቱ

እዚህ ላይ ሌላው ወገን ብድግ ብሎ «እንግዲያው ስድስቱን ፈጣኖች ምረጥና ጨርስ» ይላል። ይህም ስህተት ነው፤ የዚህኛው ስህተት ምስክር ደግሞ የታወቀ ነው።

በ2002 የአሜሪካው ዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ የጀልባ ቀዘፋ አሠልጣኝ ቀዛፊዎቹን አንድ በአንድ ለክቶ፣ ስምንቱን ምርጦች በአንደኛው ጀልባ፣ ተከታዮቹን ስምንት በሁለተኛው አስቀመጠ። ሁለተኛው ጀልባ አንደኛውን ደጋግሞ አሸነፈው። ነገሩ እጅግ ከመገረሙ የተነሳ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ማስተማሪያ አደረገው። ምርጦቹ እርስ በርስ ይካሰሱ ነበር፤ ሁለተኞቹ ግን ይተማመኑ ነበር።

የኅብረት ጠበቆች ይህን ታሪክ እንደ ድል ነጋሪት ይመቱታል። ግን አንድ ጥያቄ ይመልሱ። አንደኛው ጀልባ ከአቅሙ በታች እየሄደ መሆኑ በምን ታወቀ? ስምንቱ ለየብቻ ምን ያህል እንደሚችሉ ተለክቶ ስለነበር ነው። ያ ልኬት ባይኖር ኖሮ «ሁለተኛው ጀልባ ጠንካራ ሰዎች አሉት» ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ሕመሙም በሽታ መሆኑ አይታወቅም ነበር። መተማመን ምን ያህል እንደጨመረ፣ ጥላቻ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚታወቀው የቡድኑ ሰዓት ከየግሉ ሰዓት ጋር ሲተያይ ነው። የግሉን ሳይለኩ ስለ ኅብረት ማውራት መነሻ ካፒታሉን ሳያውቁ ትርፍ እንደ መቁጠር ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ለዚህ የራሱ ምሳሌ አለው። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶን ምርጫ ላይ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተክቶ ገባ፤ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ተጠባባቂ የነበረው ሰው የ2022 የዓለም ሻምፒዮን እንደነበረም አይዘነጋ። የስም ዝርዝር የዛሬን ሁኔታ እንጂ የነገን ፍርድ አይናገርም። ደግሞም ታምራት ሊጠራ የቻለው በዝርዝሩ ውስጥ ስለነበረ፣ ማን እንደሆነና ምን እንደሚችል ስለሚታወቅ ነው። ያልተለካ ሰው ተጠባባቂም አይሆንም።

የአንድ ሰው ታንኳ ሰዓት ደግሞ የራሱ አድልዎ አለው። አሥር ኪሎ በምትመዝን ታንኳ ላይ 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ60 ኪሎው ይልቅ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ይዘገያል። የሃዋይ የስድስት ሰው ታንኳ ግን ባዶውን 181 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እዚያ የከባዱ ሰው ጉልበት ዋጋ አለው። ምት ሰጪው ለአምስት ሰዎች የሚሰጠውን እርጋታ፣ መሪው ማዕበሉን አንብቦ የሚያተርፈውን መንገድ ሰዓቱ አይጽፍም።

▪️ ታዲያ እንዴት?

ፈተናው ፍትሐዊ የሚሆነው ደንብ ሲኖረው ነው፤ ደንቡም ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ መስመሩ ደርሶ መልስ ይሁን። አንዱ በነፋስ ተገፍቶ ሌላው በነፋስ ተደብድቦ አይመዘንም። ታንኳውም አንድ ዓይነት ይሁን።

ሁለተኛ፣ አንድ ቀን አይበቃም። በየሦስትና አራት ሳምንቱ፣ አጭርም ረጅምም ርቀት ይቀዘፍ። እንቅልፍ ያጣበት ቀን የሰው ዕጣ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ ሰው መጀመሪያ ከራሱ ጋር ይወዳደር። ባለፈው ወር ከቀዘፈበት ሰዓት ተሻለ ወይስ ባሰበት? ከሌላው ጋር ሲነጻጸርም ክብደቱ ይታሰብ።

አራተኛ፣ ሰዓቱ ግልጽ ይሁን። አሠልጣኙ ኪስ ውስጥ የተደበቀ ወረቀት ከዓይን ፍርድ አይሻልም። የአሠልጣኙም የመሪውም ሰዓት ይለጠፍ፤ ሽማግሌ ነኝ ብሎ የሚቀር የለም።

አምስተኛ፣ የመጨረሻው ቃል የታንኳው ይሁን። ሁለት የስድስት ሰው ታንኳዎች ጎን ለጎን ይቀዝፉ፣ አንድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀየር፣ እንደገና ይቀዝፉ። የማን መምጣት ታንኳውን እንዳፈጠነ ያኔ ይታያል። ለብቻው መካከለኛ የሆነ፣ ሲገባበት ግን ታንኳ የሚያፈጥን ሰው አለ፤ ይህ ሰው ወርቅ ነው። ወርቅነቱም የሚታወቀው ሁለቱም ልኬት ሲኖር ብቻ ነው።

«ደካማው ይሸማቀቃል» ለሚሉም መልስ አለ። ኦቶ ኮህለር የተባለ ጀርመናዊ በ1920ዎቹ የበርሊን የጀልባ ቀዘፋ ክለብ አባላትን ክብደት አስነስቶ ነበር፤ ለየብቻ፣ ከዚያም አንድ ብረት አብረው ይዘው ጥንድ ጥንድ ሆነው። ደካማው ከእሱ መጠነኛ ብልጫ ካለው ሰው ጋር ሲጣመር ለብቻው ከቻለው በላይ ቆየ። ጓደኛው በእሱ ምክንያት እንደሚያቆም ያውቅ ነበርና። ይህን ጥምረት ለመፍጠር ግን ማን በምን ያህል እንደሚበልጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳይለኩ ማጣመር ደካማውን ወይ ያሰንፈዋል ወይ ይሰብረዋል።

▪️ መዝገብ ያለው መተማመን

መለካት ከመተማመን ጋር ይጣላል የሚል ሰው የእቁብን ነገር ያስብ። እቁብ በዋናነት በእምነት የቆመ ማኅበር ነው፤ ግን ጸሐፊ አለው፣ መዝገብም አለው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ በስም ይጠራል። ማንም «ቤተሰብ ነን፤ ለምን ትቆጥራላችሁ?» አይልም፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘብ ያዡ የሚያየው በጥርጣሬ ነው። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ በሰው ማሳ ላይ የዋለ ቀን በራስ ማሳ ላይ ይመለሳል። የቆጠራው መኖር ነው ፍቅሩን ያቆየው።

የስድስት ሰው ታንኳም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰዓትን የሚፈራ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚፈራው መለያየትን አይደለም፤ ሎሚው ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ መታወቁን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ከሰልፉ በፊት ግን እያንዳንዱ ኪሱን ያሳይ።